ከደንገጎ የዘነበ

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳቢያን ጤና ጣቢያ፣
ተራዬን ጠበቅሁኝ ከመስኮቱ ወዲያ።
ቬንትሌተሩ አንገቱን ያዞራል እያቃሰተ፣
ሙቀቱን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየጎተተ።

ሲስተር ኢፍቱ ጠርታ «ምን ነበር?» አለችኝ፤
ዙሪያውን ዞርኩባት፣ እውነቷ ከበደችኝ።
ስለ ትንኝ ጠየቅኋት፣ ደቻቱ ዳር ስለ ነከሰኝ፣
ስለ አንድ ጫኝ ላብ፣ ሲያቅፈኝ ስላራሰኝ፣
ስለ ጫት ቤቱ ጣሳ፣ አሥር ሰው ስለ ጠጣበት፤
ዘለልሁት አንዱን ሌሊት፣ ነገሩ የሆነበት።

አልሳቀችም።
«ትንኟን ተዋት» አለች፣ «ጣሳውንም ተወው፤
በላብና በመጨባበጥ የያዘው የለም፤ አንተን ያስጨነቀህ ሌላ ነው።
የዚህ ቫይረስ መንገዱ ጥቂት ነው፤ ደም፣ የገላ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ።
አንተ በየትኛው ነህ?»

ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ መጣ፤
ቃሌም አብሮት ወጣ፦
«የከባድ መኪና ረዳት ነኝ። ደወሌ፣ ጉምሩኩ ተዘግቶ አደርን።
አንዲት ሴት ነበረች። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ኮንዶም፣ ኪሴ ውስጥ አሳደርን።»

ጣቴን ወጋችኝ። አንዲት የደም ጠብታ፣
ከዚያ ሃያ ደቂቃ ዝምታ።
አንድ ቀይ ሰረዝ ብቻ ወጣ። አንድ። ከልቤ ድንጋይ ወረደ፤
እግሬ ወደ በሩ፣ ወደ ከዚራ ጥላ፣ ሳላዘው ሄደ።

«ቁጭ በል።
ይህ ወረቀት አይዋሽም። ግን ስለ ማን ነው የሚናገረው?
ስለ ዛሬው አንተ አይደለም፤ ከሦስት ወር በፊት ስለ ነበረው።
ምርመራው የሚፈልገው የሰውነትህን መልስ ነው፤
ሰውነትህ ምናልባት ጥያቄውን ገና እየሰማው ነው።

«የደቻቱ ልጅ አይደለህም? አሸዋው ላይ ኳስ አልተጫወትህም?
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከደንገጎ የዘነበውን አታውቅም?
ሰው ሽርጡን ያሰጣል፣ ፍየል ያስራል አሸዋው ላይ፤
ውኃው ግን ጉዞ ጀምሯል፣ ገና ነው ለዓይን የማይታይ።
ጎርፍ መጥቷል አላልኩህም፤ ስንት ደመና ሳይወርድ ያልፋል፤
ግን አሸዋው ደርቋል ብሎ፣ መሐሉ ላይ ፍራሽ ማን ያነጥፋል?»

ከዚያ ዝግ ብላ፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ፣
«በሦስት ቀን ውስጥ ብትመጣ የሚከላከል ኪኒን ነበር፤ ለወደፊት እንዳትረሳ።»

ሦስተኛው ቀን! የት ነበርኩ? ሽንሌ ግድም፣ ከመኪናው ሥር ተኝቼ፣
ብሎን ስፈታ ነበር፣ እያፏጨሁ፣ ረስቼ።

ለኑሪያ ነገርኋት፣ ከታይዋን ስንመለስ፣ ባጃጁ ሲንጫጫ፤
ቃሉ ጎማ ሥር እንዲቀር ነበር የእኔ ምርጫ።
ሰማችኝ። ወረደች። ሂሳቡን ራሷ ከፈለች፤
«ሦስት ወሩ ሲሞላ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች፤
ከዚያም ፊቷን ሳታዞር፦
«እስከዚያ እኔ ጋ አትምጣ።»

አንድ ሌሊት ትኩሳት መሰለኝ፤ ድሬ ናት፣ ማን ያልጋለ?
በስፖኪዮ ምላሴን አየሁት፤ እንዳለ አለ።
ሲስተርም ብላኛለች፤ ምልክት አያስረዳም፣
ጉሮሮ መከርከሩ ለማንም አይፈርድም።
ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀን ደግሞ አይቸኩልም።

ዛሬ ስልሳ ሦስተኛው ነው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜያለሁ፤
ልጆቹ ከታች ኳስ ይጠልዛሉ፤ እኔ ወደ ደንገጎ አያለሁ።
የመጀመሪያው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው፣ አራት ጊዜ ታጥፎ፤
ከዚያ ካልተከፈተው ኮንዶም ጋር፣ ጎን ለጎን አርፎ።

ሃያ ሰባት ቀን ቀረኝ።
አሸዋው ደረቅ ነው።
አሸዋ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።